«ኢንሹራንሷ» ትመስገንልን

የታዳጊዎች ሊግ የምታስተባብሩ፣ ፕሮጀክት የምታሰለጥኑ፣ ልጃችሁ ቅዳሜ ጠዋት ታኬታውን አንጠልጥሎ የሚወጣ ወላጆች፣ ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። አንዲት የኢንሹራንስ ወኪል ላመሰግን፣ በዚያውም ልጠቁማችሁ ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ ልጆቹ ባወጡላት ስም «ኢንሹራንሷ» እያልኩ ልቀጥል።

እኛ ካዛንቺስ አካባቢ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን የምናጫውት ኮሚቴ ነን። ለማልያ እናዋጣለን፣ ለዳኛ አበል እናዋጣለን። ለኢንሹራንስ ማዋጣት ግን ለብዙ ወላጅ አዲስ ነገር ነበር። ኢንሹራንስ ሲባል የሚታየን መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። እሱንም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ስላስገደደን እንጂ ወደን የምንገዛው ስንቶቻችን ነን?

መጀመሪያ የሄድንበት ድርጅት፣ ስሙን ልተወው፣ ያወጣልን ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተዘጋጀ የቡድን የአደጋ መድን ነው። ካሳው በደመወዝ ይሰላል፣ ዕድሜው ከ18 ይጀምራል። የ13 ዓመት ልጅ ምን ደመወዝ አለው? «ለልጆች አንሠራም» ተብለን ተሸኘን።

ኢንሹራንሷን ያገናኘን አንድ ወላጅ ነው። ቢሮዋ ሰንጋተራ ነው፤ ግን ቢሮ ኑ አላለችንም። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ድረስ መጣች። ፎርም ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብላ ወደ ጎሉ ሄደች። የእኛ ጎል ከቦታ ቦታ የሚነሳ የብረት ጎል ነው። በአንድ እጇ ገፋ ስታደርገው ተነቃነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ አንዱ ልጅ ላይ ቢወድቅስ? ውሉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ይሄን እሰሩት» አለችኝ። እንዲህ ያለ ያልታሰረ ጎል ተገልብጦ ልጆች የሞቱበት አጋጣሚ በብዙ አገር አለ። በዚያው ሳምንት አሸዋ የሞላናቸውን ማዳበሪያዎች ከኋላው ጫንንበት። «ልትሸጥልን መጥታ ሥራ አበዛችብን» ብለው ያጉረመረሙ የኮሚቴ አባላት ነበሩ። የእኔ ልብ ግን ያረፈው ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ውሉ ገባን። ሠራተኛ ሲጎዳ የሚከፈለውን የገቢ ማካካሻ አስወጣችው፤ ልጅ የሚቋረጥበት ገቢ የለውማ። በምትኩ የሕክምና ወጪው ጣሪያ ከፍ እንዲል ከራሷ መሥሪያ ቤት ጋር ተከራከረችልን። አንዳንድ የአደጋ መድን ውሎች ስፖርት ላይ የደረሰ ጉዳትን ከሽፋን ያወጣሉ። ስለዚህ «የእግር ኳስ ልምምድና ውድድር» የሚለው በግልጽ እንዲጻፍ አደረገች። ለወላጆች የፈቃድ ፎርም አዘጋጀች። በየሳምንቱ ተጫዋች ስለሚገባና ስለሚወጣም የስም ዝርዝሩ ከቴሴራው (ከተጫዋች መታወቂያው) ጋር እየተያየ እንዲታደስ መላ አበጀች።

አንድ ጥያቄዋ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «ልጆቹ ከየት ነው የሚመጡት?» ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ቤተሰቦቻቸው ገላን ጉራ የገቡ ልጆች አሉን። ሰፈሩን ለቀቁ እንጂ ቡድኑን አልለቀቁም፤ በታክሲ እየተጋፉ ይመጣሉ። ስለ መንገዱ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሽፋኑ ከቤት ከወጡበት እስኪመለሱ እንዲሆን አስጨመረችልን። መኪና ቢገጫቸው የመኪናው ሦስተኛ ወገን እንዳለ፣ ገጪው ቢያመልጥ ደግሞ የመንግሥት የመድን ፈንድ እንዳለ ለወላጆች አስረዳች። ይሄኛው ለእሷ ሳንቲም አያስገኝላትም። እንዲያውም ከእኛ የምታገኘው ኮሚሽን ለታክሲዋም የሚበቃ አይመስለኝም፤ ሌሎቹ ዞር ብለው ያላዩንም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ልጅ የደረሰው የዓመት አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የምንከፍለው፣ ከአንድ ደህና ታኬታ ዋጋ ያነሰ ነው።

ፈተናው የመጣው በረኛችን ኳስ ሊያድን ተወርውሮ እጁን ከብረቱ ጋር ሲያጋጭ ነው። አንጓው ወዲያው አበጠ። እናትየው ሜዳ ዳር ነበሩ፤ «ወጌሻ ጋ ውሰዱልኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ኢንሹራንሷ ጋ ደወልን። «እማማን አቅርብልኝ» አለች። ስልኩን በላውድ አደረግነው። «እማማ፣ አይዞዎት። ወጌሻ ካሉ ነገ ያሹታል፤ ዛሬ ግን ራጅ ይነሳ። አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ታሽቶ ይብስበታል።» እማማ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ።

ራጁ ስብራት አሳየ፣ ጀሶ ታሰረለት። ነገ ያለችው ወጌሻም በዚያው ቀረ። የወጌሻ እጅ የባረካቸው ብዙ ናቸው፣ አልክድም። ለተሰበረ አጥንት ግን ሐኪም ይቅደም፤ በዚያ ላይ ያለ ደረሰኝ መድን አይከፍልም። ማታ ላይ መልሳ ደወለች። ዋናው ደረሰኝ፣ የሐኪሙ ማስረጃ፣ የዳኛው ሪፖርት፣ የኮሚቴው ደብዳቤ እያለች አንድ በአንድ አስጻፈችን። ራሷ ይዛው ገባች፣ ሲጓተትም ራሷ ተከታተለች። ገንዘቡ በእናትየው አካውንት ገባ። ለኮሚቴው ሳይሆን ለእናትየው መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከመጀመሪያው እንዲያ እንዲጻፍ ያደረገችው እሷ ናት።

አሁን በየሜዳችን ዳር በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ 939፣ ከሥሩ የእሷ ስልክ። ያንን ያዘጋጀችውም እሷው ናት።

እንከኗን ካላወራሁ አታምኑኝም። ፈጣን ተናጋሪ ናት፣ «እንደገና በይው» ማለት አለባችሁ። ለቴሌግራም መልእክትም ቶሎ አትመልስም፤ መደወል ይሻላል። እሁድ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች አታነሳም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልን። እማማም በየሄዱበት እየመረቁሽ ነው።

ለክረምቱ ውድድር የምትዘጋጁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ሌላ ወኪል ካላችሁም መልካም፤ የብሔራዊ ባንክ ፈቃዱን ብቻ ጠይቁ። እሷ ጋ ስትደውሉ የልጆቹን ዝርዝር ከልደት ካርዳቸው ኮፒ ጋር አዘጋጅታችሁ ይሁን፤ ያለሱ ወሬ አትጀምርም።