ጋላክሲ ኤ55 እና አክሰሰሪዎቹ፦ አዳማ ላይ ወራት ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ55 ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ስልኩ ብዙ ተወርቷል፤ አልደግመውም። እኔ የምጽፈው ስልኩ ላይ ስለማለብሰው፣ ስለምለጥፈውና ስለምሰካው ነገር ነው። ከቨር፣ ግላስ፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ ማግኔት። አንድ በአንድ ሲገዙ ትንንሽ ናቸው። ሲደመሩ ግን ኪስ ያናጋሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ የስልኩ ቅርፅ ነው፤ የእኛ ምርጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አጠቃቀሜን ልንገራችሁ። ልብስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ፣ ዕቃ ላደርስ በባጃጅ እዞራለሁ። ስልኬ አያርፍም። አዳማ ላይ ደግሞ ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ ነፋስ አለ። ከከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም።

ከከቨሩ ልጀምር። ኤ55 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ጎኑ ላይ ከኤ54 የተለየ ነገር ይዞ መጣ። ማብሪያውና የድምፅ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ከቀረው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሳምሰንግ «ኪ አይላንድ» ይለዋል። ያምራል። ከቨር ሲገዛ ግን ጣጣ አለው። አብሮት የወጣው ኤ35ም ቁልፎቹ እንዲሁ ከፍ ያሉ ናቸው። ስክሪኑም ያው 6.6 ኢንች ነው። ካሜራዎቹ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ ብዙ ሱቅ የአንዱን ከቨር ለሌላው ይሸጣል። ልካቸው ግን ይለያያል። ኤ55 ቁመቱ 161.1፣ ወርዱ 77.4 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ35 ደግሞ 161.7 በ78። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እጅ ላይ ግን ይታወቃል።

ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ልጁ የኤ35ቱን አወጣልኝ። «እህቴ፣ ያው ነው፣ ልክክ ይላል» አለኝ። ልክክ አላለም። ጥጉ ላይ ላላ ይላል፣ ሲጨብጡት ይንሸራተታል። ሌላ ከተማ ላይ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። እዚህ ግን በዚያች ክፍተት አቧራ ይገባል፣ ከቨሩና የስልኩ ጀርባ መሃል ሆኖ ይፈጫል። የኤ55 ጀርባ ብርጭቆ ነው። ስልክ ከመቧጨር ያድናል ተብሎ የተገዛ ከቨር ራሱ ይቧጭረዋል ማለት ነው። ልኩ በሆነው ከቨር ውስጥም አቧራ መግባቱ አይቀርም፤ በሳምንት አንዴ አውልቆ መጥረግ ግድ ነው።

የዘንድሮ ስልኮች ጀርባቸው እንዲታይ ተደርገው ነው የሚሠሩት። የኔም ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ሰው ሁሉ ታዲያ ግልጽ ከቨር ይፈልጋል። እኔም አንድ ነበረኝ፤ በጋውን አልተሻገረም። ለስላሳው ግልጽ ፕላስቲክ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። በሳሙና ብታሹት አይለቅም፤ የተለወጠው ፕላስቲኩ ራሱ ነው። አሁን የምጠቀመው ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ፣ ለኤ55 ብቻ የተሠራ ነው። ቀለሙን ደበቀብኝ። ግን ጠርዙ ከስክሪኑም ከካሜራዎቹም ከፍ ይላል፣ ቁልፎቹም በደንብ ይጫናሉ። ሁለት ጊዜ ከባጃጅ ስወርድ አስፋልት ላይ ወድቆብኛል። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ ከቨሩ ጥጉ ላይ ተፋቀ። ሥራውም እሱ ነው።

ካሜራዎቹን ካነሳሁ አይቀር፣ ሌንስ ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ቀለበቶች አልወደድኳቸውም። ኤ55 ላይ ሦስቱ ሌንሶች ለየብቻ ብቅ ብቅ ያሉ ስለሆኑ ቀለበቶቹም ለየብቻ ይለጠፋሉ። ቀን ላይ ችግር የለም። ማታ ሱቅ ውስጥ አምፖል ስር ልብስ ሳነሳ ግን መብራቱ ይበተናል፣ ጥቁር ቀሚስ ግራጫ ይመስላል። በቀለበቱና በሌንሱ መሃል አቧራ ከገባ ደግሞ አለቀ። ደንበኛ «ቀለሙ እንዲህ አይደለም» ብሎ ዕቃ ሲመልስ ኪሳራው የኔ ነው። ነቅዬ ጣልኳቸው። ከቨሩ ከሌንሶቹ ከፍ ካለ ይበቃል።

ግላስ ላይ ዘመኑ ወደ እኛ ዞሯል። ከ2015ቱ የሳምሰንግ ኤስ6 ኤጅ ጀምሮ ለዓመታት ጠርዙ የታጠፈ ስክሪን የውድ ስልክ ምልክት ነበር። በ2024 የሳምሰንግ ውዱ ኤስ24 አልትራ ራሱ ወደ ጠፍጣፋ ተመለሰ። ኤ55ም ጠፍጣፋ ነው፤ ተመስገን ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ተራ ግላስ ይለጠፋል፣ ሲሰነጠቅ ይቀየራል፣ ዋጋውም አይጎዳም። የወንድሜ ስልክ የታጠፈ ነው። እሱ ያለው ምርጫ በፈሳሽ ሙጫ ተለጥፎ በመብራት የሚደርቀው ግላስ ነው። ይወደዳል፣ ለጣፊው እጁ ካልረጋ ጠርዙ ላይ አየር ይይዛል። የሱ ከአንዱ ጎን ተነስቶ ጸጉርና አቧራ ሰብስቦ ነበር።

የጠፍጣፋው ፈተና ሌላ ነው። የጣት አሻራው ያለው ስክሪኑ ስር ነው፤ የሚያነበውም በብርሃን ነው። ከጎን ሰው እንዳያይ የሚያጨልመውን ግላስ ስለጥፍ አሻራዬን አልቀበል አለ። ባጃጅ ላይ፣ በአንድ እጅ ፌስታል ይዞ፣ የይለፍ ቁጥር መጻፍ ያበሳጫል። ቀጭንና ግልጽ በሆነው ተካሁት። ከለጠፋችሁ በኋላ የድሮውን አሻራ አጥፍታችሁ እንደገና መዝግቡ። ሴቲንግ ውስጥ የንክኪ ስሜት የሚጨምር ማብሪያም አለ፣ እሱንም አብሩት። ሁለቱ አንድ ላይ ብዙ ለውጥ አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቻርጀር። አፕል በ2020 ከአይፎን 12 ጋር ቻርጀሩን ከካርቶን አወጣ። ሳምሰንግም በ2021 በኤስ21 ተከተለ። ለአካባቢ ጥበቃ ነው ተባለ። ይሁን። ልማዱ ቀስ እያለ ወደ መካከለኛ ስልኮች ወረደና የኔ ካርቶን ውስጥ የነበረው ገመድ ብቻ ነው። እሱም ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ ነው። ቤት ያሉት የድሮ ቻርጀሮች ቀዳዳቸው የትልቁ ዩኤስቢ ስለሆነ አይገባባቸውም።

ስልኩ የሚቀበለው እስከ 25 ዋት ነው። ሱቅ ስትገቡ 33፣ 65፣ 120 የተጻፈባቸው ይደረደሩላችኋል። ቁጥሩ ሲተልቅ ይሻላል የሚል ሻጭ አይጠፋም። እንደዚያ አይሠራም። ሳምሰንግ በፍጥነት የሚሞላው ፒዲ በሚባለው መስፈርት፣ በተለይ ፒፒኤስ በሚሉት ክፍሉ ነው። ስልኩና ቻርጀሩ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ እየተስማሙ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ሌሎች አምራቾች ደግሞ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ስለዚህ 65 ዋት የሚል የሌላ ስልክ ቻርጀር የኔን ስልክ ሲያንቀረፍፍ ሊያድር ይችላል። ፒፒኤስ የሚለውን ቻርጀሩ ጀርባ ላይ፣ በዚያች ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ፈልጉት።

ደቃቁ ጽሑፍ ራሱ ሊዋሽ ይችላል፤ ፎርጅዱ በዝቷል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ ስክሪኑን እዩ። «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ» ካለ ትክክል ነው። ዝም ካለ ወይም «ፋስት» ብቻ ካለ መልሱለት። ባትሪው ሊሞላ ሲል አትሞክሩት፣ ያኔ ስልኩ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ሻጩ «መብራት የለም» ካለ መብራት ሲኖር ተመለሱ።

እኔ የገዛሁት ባለ 25 ዋቱን ኦሪጅናል ነው። ዋጋው የከቨሩን ብዙ እጥፍ ነው። ካወጣሁት ሁሉ የማይቆጨኝ ግን እሱ ነው። ከባዶ እስከ ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ገመድ ላይ ግን ብዙ አታውጡ፤ ለ25 ዋት ደህና የሆነ ባለ 3 አምፒር ገመድ ይበቃል። ባለ 5 አምፒሩ የሚያስፈልገው 45 ዋት ለሚቀበሉት ነው። መጋቢት ላይ፣ ቀትር ላይ ስሞላ ስልኩ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ሆን ብሎ ይዘገያል። ከቨሩን አውልቄ ከመስኮት ራቅ ሳደርገው ይሻለዋል። መብራት ሲጠፋም እነቅላለሁ፤ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

ታይፕ ሲን ግን ላመስግነው። አይፎን በ2023 ከ15ኛው ጀምሮ ወደዚህ መጣ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች ግዴታ አደረገው። ሕጉ የነሱ ነው፣ ጥቅሙ እኛ ቤት ደርሷል። የኔ ስልክ፣ የእህቴ አይፎን፣ ፓወር ባንኩ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ። ጠቡ አሁን ማን ይቅደም በሚለው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ገመዱ ላላ ማለት ከጀመረ ወደ ጥገና ከመሮጥ በፊት ቀዳዳውን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት። የኪስ ጥጥና አቧራ ተጠቅጥቆ ይሆናል። ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። መርፌ አይነካም።

ኤርፎን ላይ አዝናለሁ። በዚህ የኤ5 ተርታ የድሮው ክብ የኤርፎን ቀዳዳ ከኤ53 ጀምሮ የለም። በብሉቱዝ ዘፈን መስማት ደስ ይላል። ነፋስ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ከደንበኛ ጋር ማውራት ግን አይቻልም። ማይኩ ጆሮ ላይ ስለሆነ ነፋሱን ሁሉ ይወስደዋል። ባለ ገመዱ ላይ ማይኩን አፌ ጋር አድርጌ በመዳፌ እከልለዋለሁ። ስለዚህ ከታይፕ ሲ ወደ ክብ ቀዳዳ የሚቀይረውን አስማሚ ፈለግኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሁለት ዓይነት ነው፣ መልካቸውም አይለይም። አንዱ ሽቦ ብቻ ነው። ሌላው ውስጡ ድምፁን የሚቀይር ቺፕ አለው፤ ቺፑን ዳክ ይሉታል። የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች የሚቀበሉት ባለ ቺፑን ነው። ሽቦ ብቻ የሆነው ርካሹ ሲሰካ ጭጭ ይላል፤ ሻጩም ስልክሽ ተበላሽቷል ይላችኋል። ስልኩ ደህና ነው። «ዳክ ያለው» ብላችሁ ጠይቁ፣ እዚያው ሰክታችሁ አንድ ሰው ደውላችሁ አውሩ። ዘፈን ተሰማ ማለት ማይኩ ይሠራል ማለት አይደለም።

ማግኔት አሁን ፋሽን ነው፤ ያለ ገመድ የሚሞላው ቻርጀር ስልኩ ጀርባ ላይ በማግኔት ይጣበቃል። አፕል በአይፎን 12 ጀመረው፤ ኢንፊኒክስም በኖት 40 ተከታታዩ ወደ እኛ አቅም አወረደው። ኤ55 ግን ያለ ገመድ ቻርጅ አያደርግም። ከቨሩ ላይ ባለ ማግኔት ቀለበት ብትለጥፉ ስልኩን ያንጠለጥላል እንጂ ባትሪውን አይሞላም። ለመሞላት ብሎ የሚገዛ ካለ ብሩን ይያዝ። እኔ ፎቶ ሳነሳ ማቆሚያ ላይ ለመስቀል እጠቀምበታለሁ፣ ለዚያ ግሩም ነው። ካርታ ስከፍት ግን አቅጣጫው ይዞርበታል፤ ማግኔቱ የስልኩን ኮምፓስ ያደናግረዋል። አድራሻ ስፈልግ አነሳዋለሁ።

ስለ ቀጫጭኖቹ ስልኮች፣ ስለ 5.6 ሚሊ ሜትሩ አይፎን ኤር እና ስለ 5.8ቱ ኤስ25 ኤጅ፣ የምለው ትንሽ ነው። አስፋልት ላይ ለሚውል ስልክ ከቨር መልበሱ አይቀርም። ከለበሰ በኋላ ቅጥነቱ የት አለ?

አሁን ያለብኝ ሥራ መለዋወጫ ከቨር ማግኘት ነው። በ2025 ኤ56 ስለወጣ ሱቆቹ የኤ55ን ዕቃ እየቀነሱ ነው። ኤ56 ውፍረቱ 7.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔ 8.2። ካሜራዎቹም ለየብቻ መሆናቸው ቀርቶ አንድ ረዘም ያለ ሰሌዳ ላይ ተሰብስበዋል። ከቨሩ በምንም ተአምር አይገጥምም። ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አካባቢ አንዱ «ይሄ አዲሱ ነው እህቴ፣ ይሆንሻል» ብሎ ሊያለብስልኝ ታገለ። ከኋላው የተንጠለጠሉትን አስወርጄ አንድ የኤ55 ጥቁር አገኘሁ። ሁለት ቢኖረው ሁለቱንም እገዛው ነበር።