የአፈ ታሪክና የተምሳሌት ኮርስ ለምትወስዱ ሁሉ፦ እኚህን መምህር አግኟቸው

ይህን የምጽፈው ለማመስገንና ለመጠቆም ነው። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ኮሌጅ የምትማሩ፣ በተለይም የሥነ ጽሑፍ ኮርስ በግዴታ የምትወስዱ ወገኖቼ፣ አንድ የሚያስጠኑ መምህር አሉ፤ እባካችሁ ሳታውቋቸው ሴሚስተሩ እንዳያልፍባችሁ። አገር ቤት ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ በሳምንት ጥቂት ምሽቶች ደግሞ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማጥኛ ክፍል ውስጥ ወይም በቪዲዮ ተማሪ ይቀበላሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እኛ ተማሪዎቻቸውም የምንጠራቸው እንደዚያው ነው።

እኔ የነርስነት ተማሪ ነኝ። ኮርሱን የወሰድኩት ፕሮግራሙ ስለሚጠይቀው ነበር። የንባብ ዝርዝሩ ሲመጣ የጥንቷ ሜሶጶጣሚያ ንጉሥ የጊልጋሜሽ ታሪክ፣ የግሪካዊው ሆሜር ኦዲሲ፣ የሮማዊው ኦቪድ ግጥም፣ ከእነርሱም ኋላ የካርል ዩንግ፣ የጆሴፍ ካምቤልና የኖርዝሮፕ ፍራይ ጽሑፎች ተደርድረውበታል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ፣ ገብቶት፣ በእንግሊዝኛ ሊከራከርበት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማጠቃለያ ገዝተሽ ተገላገይ ያሉኝ ብዙዎች ነበሩ። ወደ ጋሼ የመራችኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት፤ እርሷንም ከዚሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

መጀመሪያ ያብራሩልኝ የዩንግን፣ የካምቤልንና የፍራይን ልዩነት ነው። አርኪታይፕ፣ ማለትም በየታሪኩ ተመላልሶ የሚመጣ ጥንታዊ አምሳል፣ የሚለውን ቃል ሁሉም ይጠቀሙበታል፤ የሚሉት ግን አንድ አይደለም። ለስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ለዩንግ ነገሩ የሥነ ልቦና ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ በጋራ የሚወርሰው፣ ራሱም የማያውቀው የአእምሮ ክፍል አለ፣ ታላቂቱ እናት፣ ጠቢቡ ሽማግሌ፣ ጥላው የሚባሉት ምስሎች የሚወጡት ከዚያ ነው ባይ ነው። አሜሪካዊው ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የጀግናውን ጉዞ በሦስት ከፈለው፤ ከቤት መውጣት፣ መፈተን፣ መመለስ። ካናዳዊው ፍራይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ሥራ ስለ ጋራ አእምሮ መላ ምት ማቅረብ ለሐያሲ አያስፈልገውም አለ፤ ከድርሰት ወደ ድርሰት ተመላልሶ የሚመጣውን ምስል ማየት ይበቃዋል። ጋሼ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ለእያንዳንዱ የክፍል ጥያቄ «አሁን የምትመልሺው በማን ዓይን ነው?» ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም። የብዙዎቻችን ጽሑፍ የሚምታታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዩንግ ጀምረን፣ በካምቤል አልፈን፣ በፍራይ እንጨርሳለን፤ አንባቢው ምን እንደያዝን አያውቅም።

ከዚያ ወደ ተምሳሌት መጣን። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው በዚህ ነው። እባብ ክፋት ነው፣ ውኃ ዳግም ልደት ነው፣ ጫካ አለማወቅ ነው የሚሉ ዝርዝሮች በየቦታው ይገኛሉ። ጋሼ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዤ እንድመጣ አይፈልጉም። በእርሱ ፈንታ የሰጡኝ የቤተ ክርስቲያናችንን የአንድምታ መንገድ ነው። ሊቃውንቱ አንድን ኃይለ ቃል ሲተረጉሙ አንዱን ፍቺ ሰጥተው አይዘጉትም፤ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያሉ ይዘልቃሉ። ጋሼ በዚህ ላይ አንድ ሕግ ጨመሩበት፤ እያንዳንዱ «አንድም» ከታሪኩ ውስጥ የሚያቆመው መስመር ሊኖረው ይገባል። መስመር ያላገኘሁለትን ፍቺ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይሰርዙታል።

የጊልጋሜሽን እባብ በዚህ መንገድ ሠራሁት። ጊልጋሜሽ ሞትን ፈርቶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ ተክል ያገኛል፤ በመንገድ ላይ በቀዝቃዛ ኩሬ ሲታጠብ ግን እባብ መጥቶ ይወስድበታል፣ ሲሄድም ቆዳውን ይገፋል። አንድም እባቡ ሌባ ነው። አንድም ሞት ለሰው የተቆረጠ ዕጣ መሆኑን የሚያስረዳ ነው። አንድም ሰው ያጣውን መታደስ በራሱ ቆዳ የሚያሳይ ፍጡር ነው። ሦስቱም መስመር አላቸው። «እባብ ማለት ሰይጣን ነው» ለሚለው ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚደግፈኝ አንድ ቃል አላገኘሁም።

ቀጥለው ሌሎች እባቦች አመጡልኝ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 በእባብ የተነደፈው ሕዝብ የሚድነው ሙሴ የሰቀለውን የናስ እባብ አይቶ ነው። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው ዘንዶ ነው፤ ጥቅምት 14 በዓላቸውን የምናከብር ሁሉ ከልጅነታችን የምናውቀው ታሪክ። እኔ ደግሞ ከሙያዬ አንድ ጨመርኩ፤ የሕክምና ምልክት የሆነው የግሪኮች የፈውስ አምላክ የአስክሌፒዮስ በትር አንድ እባብ ተጠምጥሞበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በዓርማው የሚጠቀመው እርሱን ነው። ጋሼ በደስታ ተነሥተው በክፍሉ ተንጎራደዱ። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1902 የተቀበለው ባለ ክንፍ፣ ባለ ሁለት እባብ በትር የሄርሜስ፣ ማለትም የነጋዴዎችና የመንገደኞች አምላክ መሆኑንም የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። በየሆስፒታሉ ግድግዳ ስንቱን ምልክት ሳላየው አልፌው ኖሯል!

የኮርሱ ማጠቃለያ ጽሑፌ በዘንዶና በታሰረች ልጅ ላይ ነበር። መነሻዬ የግሪኮቹ የአንድሮሜዳ ታሪክ ነው። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ናት። እናቷ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ስለታበየች የባሕር አውሬ አገሩን ያጠፋ ጀመር፤ ልጅቱም ለአውሬው እንድትሰጥ ከዐለት ጋር ታሰረች። ጀግናው ፐርሴዎስ አይቷት አውሬውን ገደለ፣ እርሷንም አገባ። ሁሉም ዛሬ በሰማይ ላይ የከዋክብት ስም ሆነው ይኖራሉ።

የአገሬን ስም በዚያ ሳይ ልቤ ዘለለ። ጋሼ ግን ቀስ በይ አሉኝ። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ አንዳንዴም የምሥራቁን ዳርቻ ያጠቃልሉ ነበር፤ ሆሜርም በኦዲሲ መግቢያ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ሊጎበኛቸው የሄደባቸውን ኢትዮጵያውያን ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ለሁለት የተከፈሉ ይላቸዋል። የአንድሮሜዳን ዐለት በኢዮጴ፣ በዛሬዋ ያፋ፣ ያደረጉ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም አሉ። ነቢዩ ዮናስ መርከብ ተሳፍሮ፣ በኋላም ዓሣ አንበሪ የዋጠው ከዚህችው ወደብ ተነሥቶ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ደግሞ ከኢዮጴ ሩቅ አይደለችም። ይህን ሲነግሩኝ በየቤተ ክርስቲያናችን ያለው ሥዕል ፊቴ ላይ መጣ፤ ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከእግር በታች የተጋደመው ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠችው፣ ከዘንዶው የዳነችው ልጅ ብሩታዊት።

መመሳሰሉን በማግኘቴ ጽሑፉ ያለቀ መስሎኝ በደስታ ስነግራቸው «ይኸው አሁን ሥራው ተጀመረ፤ እስኪ የማይመሳሰለውን አምጪልኝ» አሉኝ። ይህን ጥያቄ የኮሌጁ መምህሬም ሆኑ ያነበብኳቸው መጻሕፍት በዚህ ግልጽነት አላቀረቡልኝም ነበር።

የማይመሳሰለውን ፍለጋ ወደ ራሳችን ተረቶች ሄድን። ንጉሡ አርዌ፣ ሕዝቡን የሚያስገብረው ዘንዶ፣ የሞተው በጦር ወይም በሰይፍ አይደለም፤ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የተመገበች ፍየል አቅርቦለት ነው። እዚህ ዘንዶ ገዳዩ ኃይለኛ ሳይሆን ብልኅ ነው፣ ወሮታውም የንጉሥ ልጅ ማግባት ሳይሆን ራሱ መንገሥ ነው። ቀጥሎ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመውን የአክሱም ወግ አነበብን። አዜብ የምትባል ልጅ፣ የእኛዋ ንግሥተ ሳባ፣ ለዘንዶ ግብር እንድትሆን ዛፍ ላይ ታስራለች። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ሲያርፉ እንባዋ ጠብ ይልባቸዋል፤ ቀና ብለው ያዩዋታል። ዘንዶውን በመስቀል መትተው ሲገድሉት ደሙ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ይሆናል። ወደ መንደሯ ስትመለስ ከዘንዶው ያመለጠች መስሏቸው ያባርሯታል፤ በማግስቱ ሬሳውን ስታሳያቸው ግን አለቃ አድርገው ይሾሟታል። ወደ ሰሎሞን የምትሄደውም ለተረከዟ ፈውስ ፍለጋ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድሮሜዳን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። አንድሮሜዳ ከዐለቱ ተፈትታ ለባል ትሰጣለች፤ አዜብ ከዛፉ ተፈትታ ትነግሣለች። የአንድሮሜዳ ገላ ምንም አልሆነም፤ አዜብ ግን የዘንዶውን ደም በተረከዟ ተሸክማ ትሄዳለች፣ መሪነቷና ቁስሏም አብረው ይኖራሉ። የታሰረችው ልጅ አርኪታይፕ በሁለቱም አለች፤ አገሩ ከእርሷ የሚፈልገው ግን ተለያየ። ጽሑፌ የተከራከረው ይህን ነበር፣ ዛሬም አምንበታለሁ። የኮሌጁ መምህር በክፍል ውስጥ እንዳቀርበው ጋበዙኝ፤ የዚያ ቀን ደስታ የጋሼም ነው።

ስለ ፍራይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ፍራይ የትረካ ዓይነቶችን በአራቱ ወቅቶች ይመድባቸዋል፤ ኮሜዲ ለአበባው ወቅት፣ የጀብዱ ታሪክ ለሙቀቱ፣ ትራጄዲ ቅጠል ለሚረግፍበት፣ ምጸት ለበረዶው። ጋሼ የቀን መቁጠሪያ ከፊቴ አስቀምጠው «መስከረም ለእኛ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በፍራይ ከተማ በቶሮንቶ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል እኛ አደይ አበባ ቆርጠን አዲስ ዓመት እንቀበላለን፤ ጨለማችን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፣ እርሱም ቢሆን ዘር የሚያበቅል ጨለማ ነው። ፍራይን ለመጣል አላሉኝም። የእርሱ ክበብ የቆመበትን ምድር እንዳየው ፈለጉ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ ለክፍሉ ሳቀርብ ከናይጄሪያና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ተማሪዎች ስለ አገራቸው ዝናብና ድርቅ መናገር ጀመሩ፤ ውይይቱ ሰዓቱን አልፎ ሄደ።

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩትን አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼው ነበር። የጥፋት ውኃም፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በአፈ ታሪክ ኮርስ ውስጥ ሲነሡ አማኝ ሰው ይከብደዋል። ጋሼ ራሳቸው ቆመው የሚያስቀድሱ ሰው ናቸው። «የእምነትሽን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ እዚህ የምንጠይቀው ታሪኩ እንዴት እንደተሠራና ሰሚውን ምን እንደሚያደርገው ነው» አሉኝ። እስላም ተማሪም፣ ፕሮቴስታንት ተማሪም አሏቸው፤ የማንንም እምነት ሲነኩ ሰምቼ አላውቅም፣ ማንንም ከጥያቄ ሲያስጥሉም አላየሁም።

አሁን ወደ ጥቆማው። ጋሼ ጽሑፍ አይጽፉላችሁም። ጻፉልኝ የሚል ሰው ባይደውልላቸው ይሻላል፤ ያዝናሉ። ዋናውን ድርሰት ሳታነቡ ከመጣችሁ ትምህርቱ አይጀመርም፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ታነባላችሁ። ፍጥነት አይወዱም፤ አንድ ገጽ ላይ ምሽቱ ሊያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ማስረከቢያው ነገ የሆነበት ሰው ብዙ አይጠቀምም። የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት በኮሌጃችሁ የጽሑፍ መርጃ ማዕከል በነጻ ስለሚሰጥ ለዚያ ወደዚያው ይልኳችኋል። ክፍያቸው ከሌሎች አስጠኚዎች ያነሰ ነው፤ ለከበደው ደግሞ ያስባሉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ የበለጠ ይደሰታሉ፣ ክርክር ይወዳሉና።

ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ምሽቶቻቸው ቶሎ ይሞላሉ፤ የንባብ ዝርዝራችሁን እንዳገኛችሁ በግል መልእክት ላኩልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከዚህ ቀደም በእሳቸው የተማራችሁም ካላችሁ እባካችሁ ከዚህ በታች አንድ ቃል ጻፉላቸው፤ ልጃቸው እንደምታነብላቸው ነግራኛለች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።