ዶኩዊኪ በአንድ የትራንዚት ቢሮ፦ የዘጠኝ ወር ትዝብት

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ከጉምሩክ በሚያስወጣና ስድስት ሠራተኞች ባሉት የትራንዚት ቢሮ ነው። የቢሮውን እውቀት በአንድ ቦታ ለማኖር ላለፉት ዘጠኝ ወራት የተጠቀምነው ዶኩዊኪ የተባለውን፣ ሠራተኞች በጋራ ገጽ የሚጽፉበትንና የሚያርሙበትን ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሠራልንንም ያልሠራልንንም ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

ወደ ፕሮግራሙ የወሰደን አንድ ደብተር ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ትራንዚተር ጡረታ ሲወጡ በላስቲክ የተለበጠ ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ፤ የራሳቸው ንብረት በመሆኑ ማንም ቅር አላለውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የፒክአፕ ጎማ ያለበት ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) ገጠመን። አዲስ የአየር ጎማ በታሪፍ ቁጥር (ጉምሩክ ዕቃን በሚለይበት ቁጥር) 4011 ሥር የሚመደብ ሆኖ፣ የቤት መኪናው 4011.10፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪናው 4011.20 ነው። ፒክአፑ ከየትኛው እንደሚቆጠር ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ጋሼ በምን ሰነድ ያስረዱ እንደነበር የሚያውቅ ታጣ። መልሱ በቢሮው የቴሌግራም ቡድን ላይ አንድ ጊዜ መጻፉን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ነገር ግን ከእንኳን አደረሳችሁ ምስሎችና ከምሳ ሒሳብ ንትርክ ሥር ስለተቀበረ ልናገኘው አልቻልንም።

ዶኩዊኪ አንድሪያስ ጎር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን ገጽ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ የመረጃ ቋት አይፈልግም፤ መጠባበቂያ ለመያዝ አንዱን ፎልደር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይበቃል። እኛ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭነን በቢሮው ራውተር ስለምንደርስበት፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ገጾቹ ይከፈታሉ። አንድ ሰው ገጽ እያረመ ሳለ ሌላው ለ15 ደቂቃ ያህል እንዳይገባበት ይቆልፋል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት የቀድሞ እትሞችን መያዙን ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያል። በእኛ ሥራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የታሪፍ ምደባ ሥርዓቱ በዓለም ጉምሩክ ድርጅት በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚሻሻል በመሆኑ፣ መቼ እንደተጻፈ የማይታወቅ የታሪፍ ቁጥር ካለመኖሩ መኖሩ የሚብስበት ጊዜ አለ።

በአማርኛ መፈለግ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ፕሮግራሙ ቃሉን እንደተጻፈ ስለሚፈልግ፣ «ጉምሩክ» ብሎ የጠየቀ ሰው «የጉምሩክ» እና «ለጉምሩክ» የሚሉትን አያገኝም፤ ከቃሉ ፊትና ኋላ የኮከብ ምልክት ማድረግን መልመድ ነበረብን። የባሰው የፊደላችን ነገር ነው። ግማሾቻችን «ዕቃ» ስንጽፍ ግማሾቻችን «እቃ» እንጽፋለን። አንዲት አዲስ ባልደረባችን ባዶ ኮንቴይነር ስለሚመለስበት ቀን በ«እቃ» ፈልጋ ስላጣች ገጹን እንደ አዲስ ጻፈችው፤ ሁለት የተለያየ ቀን የያዙ ሁለት ገጾች ለሦስት ሳምንት አብረው ኖሩ። በፕሮግራሙ አልፈርድም። በመጨረሻ አንድ የፊደል መመሪያ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ «ሰራተኛ» እና «ሠራተኛ» አከራክረውን አንድ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አለፈ።

ፕሮግራሙ የማይሠራው ዋናው ነገር ሰውን ማስጻፍ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በባቡር ወርክሾፑ አንድ ተለማማጅ ከባለሙያው አጠገብ ዓመታት ቆሞ እጁን እያየ ሥራውን ይወርስ ነበር። ዛሬ በቢሯችን አንድ ወጣት ዓመት ከመንፈቅ ከቆየ ብዙ ቆየ ይባላል፤ አንዳንዱም ሥራውን የሚጨርሰው ሌላ ከተማ ሆኖ በስልክ ነው። አጠገብ መቆሚያ ጊዜ ስለሌለ መጻፍ ግድ ሆነ፤ ሆኖም ዋናው ትምህርት አሁንም የሚተላለፈው ሙቀቱ ሲበረታ ቢሮው ተዘግቶ በርጫ ላይ በሚነሣ ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኪቦርድ የሚሄድ ሰው የለም። እኛ ያገኘነው መላ ዲክላራሲዮኑን ያስጨረሰ ሰው ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት ሦስት መስመር እንዲጽፍ ማድረግ ነው፦ ምን ተጠየቅን፣ በምን ሰነድ መለስን፣ ስንት ቀን ፈጀ። ከዚያ የረዘመ ሲጠየቅ ማንም አልጻፈም።

መልኩ ያረጀ ነው፤ ርዕስ ለማውጣት የእኩል ይሆናል ምልክቶችን በቃሉ ግራና ቀኝ መደርደርም ለጀማሪ ያስቸግራል። ፎቶ እያነሡ መላክ ለለመደ ቢሮ አልመክረውም፤ ብዙ ሰነድ ለሚጽፍና ለፕሮግራም ክፍያ በጀት ለሌለው ቢሮ ግን እመክራለሁ።

ባለፈው ወር ጋሼ ሊጠይቁን መጥተው ሆጃ እየጠጡ የጎማውን ገጽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «የኔ ልጅ፣ ዋናውን ትታችሁታል» አሉኝ። ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ስበው፣ በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ምልክት ፎቶ አንሥቶ ከኢንቮይሱ ጋር ማቅረብ እንደሚገባ በሁለት ጣት ጻፉ። የገጹ ታሪክ ላይ ያ መስመር የተመዘገበው በእኔ ስም ነው፤ ለእሳቸው መግቢያ ከፍተንላቸው አናውቅም ነበር።