ሮቶዳይን ወይስ ኤስ-61፦ ለአየር መንገድ ገዢ የትኛው ይሻል ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ መንገደኞችን ከአንዱ ከተማ መሀል አንሥቶ ሌላው ከተማ መሀል የሚያደርስ ሄሊኮፕተር የፈለገ አየር መንገድ ሊያነጻጽራቸው ከሚገቡት መካከል የእንግሊዙ ፌይሪ ሮቶዳይንና የአሜሪካው ሲኮርስኪ ኤስ-61 ይገኙ ነበር።

በፍጥነትና በመጠን ብልጫው የሮቶዳይን ነው። በኖቬምበር 1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሙከራ ናሙና 40 ያህል መንገደኞችን የሚይዝ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1959 በ100 ኪሎ ሜትር ዙር በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር በመብረር ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ኤስ-61 ግን 28 ያህል ሰው ይዞ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

የሮቶዳይን ፍጥነት የመጣው ከአሠራሩ ነው። ሲነሣና ሲያርፍ፣ በሞተሮቹ ኃይል የታመቀ አየር በአናቱ ላይ በሚሽከረከረው ክንፍ (ሮተር) አራት ምላጮች ውስጥ አልፎ ጫፋቸው ላይ ከነዳጅ ጋር ይቀጣጠላል፤ ሮተሩን የሚያሽከረክረው ይህ ግፊት ስለሆነ እንደ ሌሎች ሄሊኮፕተሮች አካሉ በተቃራኒው እንዳይዞር የሚይዝ የጭራ ሮተር አያሻውም። ፍጥነት ከያዘ በኋላ የጫፎቹ እሳት ይጠፋል፤ ወደ ፊት የሚወስዱት ሁለት ፕሮፔለሮች ሲሆኑ፣ ክብደቱን አጫጭር ክንፎቹና በነፋስ ኃይል ብቻ የሚዞረው ሮተር ይጋሩታል።

ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። የምላጮቹ እሳት ነዳጅ ይበላል፣ ጆሮም ያደነቁራል፤ የሚጮኸውም በሚነሣበትና በሚያርፍበት ሰዓት፣ ማለትም ሊያገለግለው በታሰበው የከተማ መሀል ላይ ነው። አምራቹ ፌይሪ የተለያዩ የድምፅ ማፈኛዎችን ሞክሮ ጩኸቱን ቀንሶታል፤ ሆኖም ነዋሪው ከደጁ እንዲያርፍ ካልፈቀደለት ፍጥነቱ ለገዢው ምን ይረባዋል?

ኤስ-61 ይህን ያህል አያስደንቅም፤ ግን ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር የተወለደ በመሆኑ የልማት ወጪው በአየር መንገዶች ትከሻ ላይ ብቻ አልወደቀም። ገዢው መለየት ያለበት ሁለቱን ዓይነቶች ነው፦ ኤስ-61ኤል ለየብስ የተሠራ ሲሆን፣ ኤስ-61ኤን ውኃ የማያስገባ የጀልባ ሆድ ስላለው ለባሕር መስመር ይመረጣል።

ወሳኙ ግን የአቅራቢው አቋም ነው። ሮቶዳይን ከአንድ ናሙና አላለፈም። የአሜሪካው አየር መንገድ ኒውዮርክ ኤርዌይስ 5 ለመግዛት ፍላጎቱን በደብዳቤ ቢገልጽም ደብዳቤው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አልነበረም፤ የእንግሊዝ መንግሥትም በፌብሩዋሪ 1962 ድጋፉን አቋረጠ። በቀጣዩ ወር ኤስ-61ኤል በሎስ አንጀለስ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ሮቶዳይንን ሲጠባበቅ የነበረው የእንግሊዙ አየር መንገድ ብሪቲሽ ዩሮፒያን ኤርዌይስ ራሱ በ1964 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከፔንዛንስ ወደ ሲሊ ደሴቶች በሚወስደው መስመር ኤስ-61ኤንን አሰማራ፤ ለእንዲህ ያለ አጭር የባሕር ጉዞ ምርጫው ትክክል ነው። ከለንደን ፓሪስ ለሚያህለው ርቀት ግን ኤስ-61 አዝጋሚ ስለሆነ፣ ገዢው ከመደበኛው አውሮፕላን ባይለይ ይሻለው ነበር።