ዓሣ ሳይወጣ ኖራ መፋቅ፦ ባለ ማግኔቱ መፋቂያ ከወራት በኋላ

የአኳሪየም መስታወት ላይ የተጋገረውን ነጭ ኖራ ዓሣዎቹ እዚያው እያሉ ማስለቀቅ ይቻላል። ከክረምት ጀምሮ የምጠቀምበት ባለ ማግኔት መፋቂያ አንድም ዓሣ ሳላወጣ መስታወቴን አጥርቶልኛል። ብቻውን ግን አይችልም፤ አቼቶ ያግዘዋል። አቼቶው ደግሞ ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም።

የባሕር ዳር የቧንቧ ውሃ በብዛት ከምንጭና ከጉድጓድ ነው የሚመጣው። በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ገንዳው በየቀኑ ይጎድላል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ኖራው ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት መስመር ላይ፣ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት የሚጋገረው። ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ዓሣዎቹን አይጎዳም፤ ጉፒ የሚባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ እንዲያውም ማዕድን ያለው ውሃ ይወዳል።

መፋቂያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው መስታወቱን መሃል አድርገው ይሳሳባሉ። የውስጠኛው የሚነቀል ምላጭ አለው። ከውጭ ሲገፉት ይከተላል፤ እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ዓሣም አይደነግጥም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ውሃ ስቀይር አንድ አምስተኛውን እቀዳና ነጩን መስመር ከውሃው በላይ አደርገዋለሁ። ሶፍት በአቼቶ ነክሬ፣ ጠብ እንዳይል ጨምቄ እለጥፍበታለሁ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ከሶፍቱ ሥር ደቃቅ አረፋ ይወጣል፤ ኖራው ሲሟሟ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ እጠርግና ምላጩን እነዳለሁ። ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ይነሳል። ትንሽ ፍርፋሪ ውሃው ውስጥ ቢወድቅ አያሳስብም።

አቼቶን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የውሃው ፒኤች (አሲድነቱ የሚለካበት ቁጥር) እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የሟሟው ካርቦኔት ነው፤ አሲዱ እሱን ይጨርሰዋል። ያኔ ፒኤቹ በአንዴ ይወርድና ውሃው አሲድ ሆኖ ዓሣዎቹ ያልቃሉ። በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃማ አጠገቡም አይድረሱ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ምላጩ ይዝጋል፤ ከተጠቀምኩ በኋላ ነቅዬ ካላደረቅሁት ቶሎ ይበላሻል። መለዋወጫውን እዚህ ከተማ አላገኘሁም፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ማእዘን ላይ አይጠጋም፣ መጠጋትም የለበትም፤ መስታወቶቹን ያያያዘውን ሲልከን ይቆርጠዋል። ወደ ታች ስትወርዱም አሸዋው ሳይደርስ አቁሙ። አንዲት ቅንጣት መሃል ከገባች የማይጠፋ ጭረት ትተዋለች። ገንዳችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ጭራሽ አትግዙት። ለመስታወት ግን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔቱ የመስታወታችሁን ውፍረት መቻሉን ጠይቁ።

ኖራው ቶሎ እንዳይመለስ ክዳን ትልቅ ነገር ነው፣ ትነቱን ይቀንሳል። በክረምት ደግሞ የጎደለውን በዝናብ ውሃ መሙላት ይቻላል፤ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አትጠቀሙ፣ የቆርቆሮው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ባልዲውን ግቢ መሃል፣ ከጣሪያው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።