«ጥንታዊ የፖርትሬት ሌንስ» ብለው የሸጡልኝ ዕቃ

በእጃችሁ ትልቅ ካሜራ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሌንሱን ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 5 በ 7 ኢንች ፊልም የሚወስድ የእንጨት ካሜራ ለመሥራት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ሳጥኑ አያስፈራም። ከፊት ሌንስ የሚይዝ ሰሌዳ፣ ከኋላ ምስል የሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወትና የፊልም መያዣ፣ መሃል ላይ ብርሃን የማያስገባ ወናፍ። አለቀ። ሰው የሚያስጨንቀው ሌንሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ከርሜ አንዱ ሻጭ ጋ አገኘሁት። «የ1860ዎቹ የፖርትሬት ሌንስ፣ የፔትስቫል ዓይነት፣ ፎካሉ 21 ሴንቲሜትር፣ 5 በ 7ን በደንብ ይሸፍናል» ይላል። ፖርትሬት የሰው ፊት ፎቶ ነው፤ ፎካል ደግሞ የሩቅ ነገር እንዲጠራ ሌንሱ ከፊልሙ መራቅ ያለበት ርቀት ነው። ይሸፍናል ማለት ምስሉ ፊልሙን እስከ ጥግ ይሞላል ማለት ነው። ናሱ ፏ ብሏል። የታወቀ ሠሪ ስም ተቀርጾበታል። ልቤ ቀድሞኝ ሄደ።

ፔትስቫል ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ዮሴፍ ፔትስቫል እ.ኤ.አ. በ1840 የነደፈው ሌንስ ነው። ቪየና ውስጥ ፎይክትሌንደር የተባለ ሌንስ ሠሪ ሠርቶ ሸጠው። በጊዜው ከነበሩት ሌንሶች በብዙ እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ሰው ለአንድ ፎቶ ለደቂቃዎች ደርቆ መቀመጡ ቀረለት። ዛሬ የሚፈለገው ግን ለፍጥነቱ አይደለም። መሃሉ ጥርት ይልና ዳር ዳሩ ይሟሟል። ከጀርባ ያለው ቅጠል እንደ አዙሪት ይዞራል። ለዚያ አዙሪት ሲባል ገበያው አብዷል። ገበያ ባበደበት ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም።

በጣም የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። «እስኪ በሌንሱ የተነሳ ፎቶ ላክልኝ» አልኩት። ላከ። ቀይ አበባ ናት። ከጥግ እስከ ጥግ ሞልታለች። አዙሪቱም አለ። ከፈልኩ።

ዕቃው ሲመጣ ሞከርኩት? አልሞከርኩትም። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። አገላብጬ አየሁት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ አስቀመጥኩትና ሳጥኑን መሥራት ጀመርኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ወናፉን ብቻ ሦስት ጊዜ ነው ያጠፍኩት። ሲሰበሰብ 18፣ ሲዘረጋ 40 ሴንቲሜትር እንዲሆን አደረግኩ። ለ21 ሴንቲሜትር ሌንስ ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩልም አፈሰስኩ።

ሌንሱን ገጥሜ ወደ መስኮት አዞርኩ። ጭጋግ። ወናፉን እስከ መጨረሻው ሰበሰብኩ። አሁንም ጭጋግ። ከግማሽ ሜትር የራቀ ነገር በሙሉ አልጠራ አለኝ። ሌንሱን ነቅዬ፣ ክፍሉን አጨልሜ፣ የመስኮቱን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣልኩት። ስለካው ፎካሉ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ክብ ምስል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 12 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። የ5 በ 7 ፊልም ከጥግ ወደ ጥግ 22 ሴንቲሜትር ይጠጋል። አራቱም ጥግ ጥቁር ነው ማለት ነው።

ታዲያ አበባዋስ? ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ቅርብ ያለ ነገር እንዲጠራለት ሌንሱ ከፊልሙ መራቅ አለበት። በራቀ ቁጥር የሚጥለው ክብ ይሰፋል። ነገሩና ምስሉ እኩል በሚሆኑበት ርቀት ላይ ክቡ እጥፍ ይሆናል። አበባዋ ሌንሱ አፍንጫ ሥር ነበረች። ሰውዬው «ይሸፍናል» ሲል አልዋሸም እኮ። ለአበባ ይሸፍናል! ለሰው ፊት፣ ለዛፍ፣ ለሕንጻ ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ናሙና ስትጠይቁ የሩቅ ነገር ፎቶ ጠይቁ። ከዚያም የሚሻለው፣ በጨለማ ክፍል የመስኮት ምስል ወረቀት ላይ አሳርፎ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ካለ ተዉት።

ዕቃው የማጂክ ላንተርን ሌንስ ሆኖ ተገኘ። ከሲኒማ በፊት፣ መስታወት ላይ ያለ ስዕል በመብራት ግድግዳ ላይ የሚያሳዩበት መሣሪያ ነበር፤ የእሱ ነው። አሠራሩ እውነትም የፔትስቫል ነው። ግን የታሰበው ጎኑ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ለሆነች ስላይድ ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ እንደ ልብ ስለሚገኝ ርካሽ ነው፤ መሆንም አለበት። የፖርትሬት ስም ሲለጠፍበት ነው ዋጋው የሚዘለው።

ላስተዋለ ሰው ምልክት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1858 ጆን ዋተርሃውስ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ዝርግ ቁርጥራጮችን ሌንስ ውስጥ እየቀያየሩ ብርሃን መቀነስ የሚቻልበትን ዘዴ አመጣ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የፖርትሬት ሌንሶች አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚሆን ስንጥቅ ጎናቸው ላይ አላቸው። የኔው ምንም የለውም። የማጂክ ላንተርን ሌንስ ብርሃን መቀነስ ምን ያደርግለታል? የተቀረጸውም ስም ራሱን ያጋልጥ ነበር። ናሱ አርጅቶ ፊደሎቹ ስለታም ናቸው፤ ውስጣቸው አንድ ቅንጣት እድፍ የለም። የመቶ ሃምሳ ዓመት ፊደል እንዲህ አይነጻም።

የስንጥቁ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ሌንሶች ሸተር፣ ማለትም ለብርሃን በቅጽበት ተከፍቶ የሚዘጋ መክደኛ፣ የላቸውም። ክዳኑን በእጅ አንስቶ መመለስ ነው። በጠራ ፀሐይ 100 አይኤስኦ (የፊልም ፍጥነት መለኪያ ነው) ፊልም ይዛችሁ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ፣ ማለትም ኤፍ 4 ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ የሰከንድ 1600ኛ ነው። የማን እጅ ይህን ያህል ይፈጥናል? ብርሃን መቀነሻ ከሌለው ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃንና በጣም ዘገምተኛ በሆነ ፊልም ወይም በፎቶ ወረቀት ብቻ ነው የምትሠሩት።

ፏ ያለ ናስም አያጓጓችሁ። ሞተር ላይ ተፈግፍጎ የጸዳ ናስ ይሞቃል። መስታወቶቹ የተጣበቁት ደግሞ በካናዳ ባልሳም፣ በዛፍ ሙጫ ነው፤ ሙቀት አይወድም። ዳሩ ላይ ቢጫ ወይም የቀስተ ደመና ቀለም ካያችሁ ሙጫው እየለቀቀ ነው። መስታወት እንዳልጎደለም በአምፖል እዩ። ትክክለኛ ፔትስቫል ከፊት ሁለት ደማቅና አንድ ደብዛዛ ነጸብራቅ ያሳያል፤ ከኋላ ደግሞ አራት ደማቅ። የኔው በዚህ አልበደለኝም፤ ሁሉም አለ።

ገንዘቤን ጠየቅኩ። «ጥንታዊ ዕቃ እንዳለ ነው የሚሸጠው» አለኝ። መመለሻ ቀኑም ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ወናፍ ሳጥፍ ነው ያለፈው። አቤቱታ ባስገባም «ዕቃው በደረሰበት ሳምንት ለምን ዝም አልክ?» ተባልኩ። ምን እላለሁ? ሌንሱ በደረሰበት ቀን ወረቀት ላይ ቢሞከር ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራው።

ትናንት የሰውዬውን ገጽ ከፈትኩት። አዲስ ሌንስ አውጥቷል። ይሄኛው «8 በ 10 ይሸፍናል»። ከሥሩ ያቺው ቀይ አበባ አለች።