ሎክሳውንድ 5፦ ድምጹ አንደኛ ነው፣ ሂሳቡ ግን ዲኮደሩ ላይ አያልቅም

ኤች ኦ ሳይዝ (የእውነተኛውን 1/87 የሚያህል) ሞዴል ባቡር ኖሯችሁ ድምጽ ላስገባ አላስገባ እያላችሁ ለምታስቡ ነው የምጽፈው። ሎክሳውንድ 5 ዲኮደር ነው፣ ማለትም ባቡሯ ውስጥ ገብቶ ሞተሩንና ድምጹን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሚሰራው ኢኤስዩ የሚባል የጀርመን ድርጅት ነው፣ እዚህ አሜሪካ እንደየሱቁ ከ100 እስከ 130 ዶላር ይሸጣል፣ ብዙ ሰው ይሄን ዋጋ ያይና በቃ ይሄው ነው ብሎ ያዛል ከዛ ስፒከሩ፣ ካፓሲተሩ፣ የእጅ ዋጋው ሲደራረብበት ይበሳጫል። ስለዚህ ሙሉ ወጪውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ድምጹ። እኔ ያስገባሁት ጂፒ9 ላይ ነው፣ ባለ 16 ሲሊንደር 567 ሞተር የነበራት ኢኤምዲ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የናፍጣ ባቡር። ዲኮደሩ 16 ቢት ነው፣ እስከ 10 ድምጽ ባንዴ ያጫውታል፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ጡሩምባው ቢነፋ፣ ደወሉ ቢደወል፣ ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ ቢል አንዱ አንዱን አይቆርጠውም። እኔን ከሁሉም የማረከኝ ድራይቭ ሆልድ የሚባለው በተን ነው፣ እሱን ስትጫኑ የባቡሩ ፍጥነት ባለበት ይያዝና መቆጣጠሪያውን ስታዞሩ የሞተሩ ድምጽ ብቻ ነው የሚጨምር የሚቀንሰው። ከኋላዋ ብዙ ፉርጎ ጎትታ ዳገት ስትወጣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ታስጮሁታላችሁ ባቡሯ ግን በዝግታዋ ትሄዳለች፣ ትክክለኛ ባቡርም እንደዛ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ድምጹን ዝቅ ታደርጉና ያለ ጉልበት ቁልቁል ስትንሸራተት ትሰማላችሁ። ለዚህ ብቻ ዋጋው አይቆጨኝም።

አሁን ስፒከሩ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። ካርቶኑ ውስጥ 11 በ15 ሚሊሜትር የሆነች ትንሽዬ ስፒከር አብራ ትመጣለች፣ እሷን ባዶዋን በእጃችሁ ይዛችሁ ብታስጮሁ እንደ ትንኝ ነው የምትጮኸው፣ ምክንያቱም ከጀርባ የሚወጣው የድምጽ ሞገድ ዞሮ ከፊት ያለውን ያጠፋዋል፣ በተለይ ወፍራሙን ድምጽ። የፕላስቲክ ሳጥኗን ከጀርባዋ አድርጋችሁ ዙሪያውን አየር እንዳያሳልፍ በማስቲሽ በደንብ ስትደፍኑት ግን እዛው ስፒከር ላይ ወፍራም ድምጽ ይመጣል። ቦዲው ውስጥ ቦታ ካለ ደግሞ ትንሽ ተለቅ ያለ ስፒከር በ10 እና በ15 ዶላር መሀል ጨምሩ፣ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ለጆሮ ብዙ የሚሰጠው ይሄ ገንዘብ ነው። በርካሽ ዲኮደር ላይ በደንብ የታሸገ ስፒከር፣ በውድ ዲኮደር ላይ በግዴለሽነት ከተለጠፈ ስፒከር ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም።

ካፓሲተሩ፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ አጠራቅሞ የሚይዘው ማለት ነው፣ ሌላ ከ30 እስከ 45 ዶላር ነው። ሃዲዱ ትንሽ ሲቆሽሽ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ ያኔ ድምጹ ቁርጥ ብሎ ሞተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ያስጠላል። ረጅም ሆና በብዙ ጎማ ኤሌክትሪክ የምትወስድ ባቡር ላይ የግድ አይደለም፣ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልስ አጭር ባቡር ላይ ግን አታስቀሩት።

እንግዲህ ደምሩት፣ አንድ ባቡር ከ140 እስከ 190 ዶላር በላች ማለት ነው፣ ያውም የብየዳ ካውያ መያዝ ከቻላችሁ። ሱቅ ካሰራችሁ የእጅ ዋጋው ለብቻው ነው፣ የድሮ ባቡር ሆና የዲኮደር መሰኪያ ሶኬት ከሌላት ሞተሩን ከብረት ሻሲው በኤሌክትሪክ መነጠልም ስላለበት ይጨምራል። ባለ ዲሲሲ መቆጣጠሪያ (በሃዲዱ በኩል ለዲኮደሩ ዲጂታል ትእዛዝ የሚልከውን) ካልገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ነው፣ እንደ ኤንሲኢ ፓወር ካብ ያለው 200 ዶላር አካባቢ ወይ ከዛ በላይ ነው። በድሮው መቆጣጠሪያ ድምጹ ይሰራል ግን ጡሩምባውን እንደፈለጋችሁ መንፋት አትችሉም፣ ታዲያ ምኑን ድምጽ ሆነ።

በጀት ለሚያጥራችሁ ሳውንድትራክስ የሚባል ድርጅት የሚሰራው ኢኮኖሚ የሚባል ዲኮደር አለ። ድርጅቱ ያለው ኮሎራዶ ዱራንጎ ነው፣ የእንፋሎት ባቡሩ እስካሁን ቱሪስት ይዞ የሚሄድባት ከተማ። ዋጋው ከሎክሳውንድ ይረክሳል፣ ድምጹም ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡ ተጭኖ ከመጣው ነው የምትመርጡት እንጂ ሌላ ፋይል መጫን አትችሉም።

አዲስ ባቡር ልትገዙ ከሆነ ከፋብሪካ ድምጽ ያለውን ውሰዱ። አትላስ ለምሳሌ አንዱን ሞዴል ያለ ድምጽ ሲልቨር፣ ከነድምጹ ጎልድ ብሎ ነው የሚሸጠው፣ ልዩነቱ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ራሳችሁ ብታስገቡት ከዛ በታች አይወጣላችሁም። ሁለት ሶስት ሎኮሞቲቭ አያይዛችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም ድምጽ አታስገቡ፣ አንዷ ጋ ጥሩ ስፒከር ካለ ክፍሉን ሙሉ ይዛ ትሄዳለች፣ ለሌሎቹ ድምጽ አልባ ዲኮደር ይበቃል።

ከኮምፒውተር ወደ ዲኮደሩ የድምጽ ፋይል የሚጭነው ሎክፕሮግራመር የሚባለው እቃ ከ150 ዶላር በላይ ነው፣ ለአንድ ባቡር አይመከርም፣ ብዙ ሻጮች የምትፈልጉትን የሞተር ፋይል በነጻ ጭነው ይልካሉ። ድምጹ ከበዛባችሁ በመቆጣጠሪያችሁ ሲቪ 63 የሚባለውን የዲኮደሩን የድምጽ መጠን ቁጥር ዝቅ አድርጉ፣ ለዛ እቃው አያስፈልግም። እኔ ግን ለመግዛት እያሰብኩ ነው፣ ምክንያቱም ራሳችሁ የቀዳችሁትን ድምጽ መጫን ይቻላል፣ የድሮውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ናፍጣ ባቡር ድምጽ ማስገባት እፈልጋለሁ። ቆሞ ሲያጉረመርም፣ ሲነሳ፣ በየማርሹ ጉልበት ሲጨምር ለየብቻው የተቀዳ መሆን አለበት፣ ሰው የሚያወራበት ካለ አይሆንም። ለገሃር ወይ ድሬዳዋ ያደጋችሁ፣ ቤተሰብ ጋ የተቀዳ ካሴት ወይ ቪዲዮ ካለ ጻፉልኝ።